ከሽሮ ሜዳ የተላከ ጎዶሎ ዘፈን

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ
ግንቦት 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለበድሉ ጫቦ
ትብሊሲ

እንዴት ሰነበትህ። እናትህ ሰርኬ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓለምፀሐይ ናት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ካርድ ክፍል የምትሠራዋ። «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጉልበቴንም ያመኛል፣ ናፍቆት ብቻ አይደለም፣ ያልኩሽን ጻፊ ብያታለሁ።

የቀበሌውን መሠረተ ትምህርት ለምን አልገባህም ያልከውን ሰምቻለሁ። አልገባም። የሚናገረው ነገር ያለው ሰው የሚጽፍለት አያጣም። ፊደል ቆጥረው የሚናገሩት የጠፋቸው ስንት አሉ።

ደብዳቤህን ደጋግማ አነበበችልኝ። መጀመሪያ ላይ አላመንኩም ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኛህ ተራራ ሥር ወዳለው መንደሩ ወስዶህ፣ በረጅም ገበታ ዙሪያ ወንዶቹ ተነሥተው ሲዘፍኑ፣ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ ይዞ አንዱ ካንዱ ሲቀባበል፣ «የሽመና ቤታችን መስሎኝ አለቀስኩ» ብለሃል። ፈረንጅ እንደ እኛ መዝፈኑ አልገረመኝም። ጉሮሮ ያልተሰጠው ሕዝብ የለም። የገረመኝ ያንተ ማልቀስ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ከጓደኞችህ ጋር በደጃችን ታልፍ ነበር። እኛ እግራችንን ጉድጓድ ውስጥ ሰደን እየሸመንን ስንዘፍን፣ አንተ ፊትህን ወደ እንጦጦ ታዞር ነበር። አሁን ግን አላነሣውም።

(ጸሐፊዋ፦ ይህን ያሉት ካነሡት በኋላ ነው።)

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ቴፕህን ይዘህ «ልቅዳችሁ» ስትላቸው፣ ገበታውን የሚመራው ቫኖ የሚባለው ሽማግሌ «መጀመሪያ ያገርህን አቅርብ፣ ከዚያ የእኛን ትወስዳለህ» አለህ። ደግ አደረገ! እጁን አጣጥፎ መጥቶ የሰው ዘፈን በሣጥን ጭኖ የሚሄድ እንግዳ ምን ይባላል? ሰውዬውን ሳላየው ወደድኩት። አንተም ብቻህን ቆመህ ጀመርከው፣ መሐል ላይ ጠፋብህ። ታዲያ ምን ልትሆን ኖሯል? በአንድ ክር ጋቢ ይሠራል? የእኛ ዘፈን ያንድ ሰው አይደለም።

«ቦታዬን ረሳሁት፣ አስታውሰኝ» ማለትህ ግን አስቆጥቶኛል። በል ስማ። እኔ እጀምራለሁ። ከእኔ አንተ ትቀበላለህ። ካንተ የሻንካ ልጅ ዓምሃ ይቀበላል። እሱ ለአባቱ ወደ ላይ ያቀብላል፣ ሻንካ ያን ቀጭን ድምፁን እንደ ጭልፊት ያንሳፍፈዋል። የቀሩት ከሥር እንደ ንብ ይዘው ይሄዳሉ፣ አያቋርጡም። ይኸው ነው። እንዲህ ነበር ከዓምሃ ጋር ጎን ለጎን ቆማችሁ ያደጋችሁት።

ቫኖ ታሟል፣ የወይን ለቀማ ዘፈናቸውን መሪ ድምፅ ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለም፣ በመስከረሙ የለቀማ ድግስ ካልተቀዳ አብሮት ይቀበራል ብለሃል። እንግዲያው የእኛ ዘፈን በካሴት ሆኖ ከመስከረም በፊት እዚያ ይደርሳል። ጫቦ ብሏል።

እናትህ እዚያ መንደር ቤተ ክርስቲያን አለ ወይ ትላለች። በደብዳቤ አትመልስላት። ስለ ዓምሃ የጠየቅኸኝን ደግሞ፣ ደህና ነው ብለህ ያዝልኝ። ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

አባትህ ጫቦ ዳልኬ
በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ


ሽሮ ሜዳ
ሰኔ 20 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለበድሉ

ስለዘገየሁ ይቅርታ አልጠይቅም፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለምና። ሰላምታውን ዓለምፀሐይ እንዳሻት ትሙላው።

(ጸሐፊዋ፦ እጅግ የተከበረ ሰላምታቸውን አቅርበዋል።)

«ካስቸገረ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው አስገቡና ቅዱት» ብለሃል። ይህን የጻፍከው አንተ ነህ ወይስ ሻንካ እጅህን ይዞ ነው ያጻፈህ? እሱም ያለው ይህንኑ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ቴፑን ኑሪ ሊያውሰን ተስማማ። ራዲዮ የሚጠግነውን ኑሪን ታውቀዋለህ። «ጋሽ ጫቦ፣ ቴፑን እሰጥዎታለሁ፣ ግን እርስዎ አይንኩት» አለኝ። እሺ አልኩት፣ እሱም የሽመና ዕቃዬን አይነካም። ዘፋኞቹን ሰበሰብኩ። ሁሉም እሺ አሉ። ከዚያ ሻንካ ተቀመጠና ጢሙን ይዞ መመርመር ጀመረ።

«ላይኛውን እኔ እይዛለሁ፣ ይሁን። መሐሉን ማን ይይዛል?»

«በድሉ» አልኩት።

«በድሉ ሞስኮ ነው!»

«ትብሊሲ ነው።»

«የትም ይሁን! እዚህ የለም። የእህቴን ልጅ አስገባ። ድምፁ መልካም ነው፣ ዘፈኑንም ያውቃል።»

«ልጄ አልሞተም።»

«ማን ሞተ አለ? እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነህ አንተ!»

ደረቅ ከሆንኩ ያደረቀኝ የአባቶቼ ወግ ነው። አንተም ብትረሳው ልንገርህ። በእኛ የሽመና ቤት ሰው የያዘው ድምፅ ወንበሩ ነው። ቢታመም፣ አገር ቢለቅ፣ ቢታሰር፣ እዚያች ላይ ስንደርስ ዝም ብለን እናልፋለን። ከሥር ያሉት ይይዛሉ፣ ላዩ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሌላ ሰው የሚገባበት ባለቤቱ ተቀብሮ አርባው ከወጣ በኋላ ነው። ሰው በሕይወት እያለ ቦታውን መስጠት በቁሙ አፈር ማልበስ ነው። እናትህ ጆሮዋ እየሰማ የሌላ ሴት ልጅ ባንተ ቦታ ሊዘፍን? ሰርኬን አታውቃትም ማለት ነው።

ሻንካ ግን አልሰማኝም። «በሠርጋችንና በለቅሷችን ላይ ይሁን፣ ሁሉም ወጉን ያውቃል። ይህ ግን የሰው አገር ሊሄድ ነው። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቀዳዳ ሸማ ላከልን ይበሉን? እኔ ጎዶሎ ዘፈን ላይ ድምፄን አላኖርም» አለና ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ዞር ብሎም አላየን።

ያለሱ አይሆንም። ሻንካ የሌለበት ዘፈን ጣራ የሌለው ቤት ነው። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፣ ይኮራብኛል።

ሌላውም ነገር አለ። ሰው መሰብሰብ የቀበሌ ፈቃድ ይፈልጋል። ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለ መለኮት «ለምን ዓላማ?» አለኝ። «ለዘፈን» አልኩት። «የዘፈኑ ዓላማ ምንድን ነው?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ሲዘፈን ሥራ ይፈጥናል አልኩት። «እናየዋለን» ብሎኛል።

ስለዚህ ገና ነኝ። ለቫኖ ግን እንዳይሞት ንገረው። የገባሁለት ቃል አለ።

አባትህ ጫቦ


ሽሮ ሜዳ
ነሐሴ 8 ቀን 1974 ዓ.ም.

ልጄ በድሉ፣ እልል በል!

ተቀድቷል። ካሴቱን ሞስኮ ለትምህርት የሚሄድ የዓለምፀሐይ ዘመድ ይዞት በሯል፣ ከዚያ ወዳንተ ያሻግረዋል። ይህ ደብዳቤ በፖስታ ስለሚመጣ እሱ ሳይቀድመው አይቀርም። የሆነውን ግን ከእኔ ስማ።

«ሻንካን እንዴት አመጣኸው?» ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ለዚህ ደግሞ ያቆየሁትን ወሬ ልንገርህ። ስለ ዓምሃ ሦስቴ ጠየቅኸኝ፣ ሦስቴ ሸሸሁህ። ዓምሃ ዘምቷል። ሰሜን ነው። ከሄደ ዓመት አልፎታል፣ ደብዳቤ የለም፣ ወሬ የለም፣ አይቼዋለሁ የሚልም የለም። አንተ በሰው አገር ሆነህ ይህን ተሸክመህ እንዳትማር ብዬ ነው የደበቅኩህ። አሁን አውቀኸዋል።

ከሻንካ ጋር ከተጣላን ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ እሱ ወደ ግራ እኔ ወደ ቀኝ ነበርን። ቅዳሜ ዕለት ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ ደሳለች መቀመጫ ሰጠችኝ፣ እሱ ጣራ ያያል።

«ሻንካ፣ እሺ ብያለሁ» አልኩት። «የበድሉን ቦታ የእህትህ ልጅ ይያዘው።»

ወደ እኔ ዞረ። «እንዲህ በል እንጂ! ሰው ሆንክ።»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የዓምሃንስ ማን ይያዘው?»

ለካ ስለ እኔ ቀዳዳ ሲከራከር የራሱን አላያትም! ሁለቱ ባዶ ቦታዎች ጎን ለጎን እንደሆኑ ዘንግቶት ነበር። እኔም የበለጠ አላልኩም፣ ጭካኔ ይሆናልና። ያን ጊዜ ደሳለች ከጓዳ ወጣች።

«ማንም!» አለች። «ሰምተሃል ሻንካ? ማንም አይይዘውም!»

ሻንካ ጫማውን ፈለገ። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ» አለኝ፣ «እንዳታረፍድ ጫቦ፣ አንተ ታረፍዳለህ።» እኔ አርፍጄ አላውቅም።

እሑድ ዕለት የነሐሴ ዝናብ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ኑሪ ቴፑን አቅፎ «በዚህ ድምፅ ዝናቡን ብቻ ነው የምትልኩት» ይላል። ሴቶቹ ያለቀውን ጋቢ ሁሉ አምጥተው ከጣራው ሥርና በግድግዳው ላይ ወጠሩት። ለገበያ የተሠራው ሁሉ ተሰቀለ። ቤቱ እንደ ሙሽራ ቤት ነጭ ሆነ፣ ድምፁም ሞቀ። ዝናቡ አባራ ስንል ጓድ ኃይለ መለኮት ከተፍ አለ። ፈቃዱን ይዞ መጥቷል፣ ግን «በመፈክር ትጀምራላችሁ» አለ። ሁላችንም ተያየን። ሻንካ እጁን አነሣና በራሳችን ቋንቋ ረጅም ነገር በታላቅ ድምፅ ተናገረ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ሻንካ ምን እንዳለ እኛ ዘፋኞቹ ብቻ እናውቃለን።

(ጸሐፊዋ፦ ቋንቋውን አላውቀውም። አልጠየቅኩምም።)

ከዚያ ዘፈንን። በድሉ፣ እንደዚያ ዘፍነን አናውቅም። እኔ ጀመርኩ። ያንተ ቦታ ስንደርስ ዝም አልን፣ ከሥር ያሉት ብቻ ያዙ። የዓምሃ ቦታ ስንደርስ ዝም አልን። ሻንካ ከዚያ ባዶ ላይ ተነሣ፣ ማንም ሳያቀብለው! እንዴት እንዳነሣው አላውቅም፣ እጅ ሳይሰጡት ጣራ ላይ እንደሚወጣ ሰው ነው። ሲያልቅ ኑሪ ቴፑን መዝጋት ረስቶ ቆሞ ነበር። መጨረሻ ላይ የምትሰማው የአፍንጫ ድምፅ የእሱ ነው።

እንግዲህ ታውቃለህ። ቴፑን ገበታው ላይ አስቀምጠህ፣ ተነሥተህ፣ ቦታህ ስትደርስ ግባ። ልጅ ሳለህ እንደነበረው አድርገህ። ያኔ ብቻህን አትሆንም።

አባትህ ጫቦ


ቴሌግራም
ጳጉሜን 3 ቀን 1974 ዓ.ም.

ቴሌግራምህ ደረሰ። ካሴቱ አልተበላሸም። ደግመን አንቀዳም። መጀመሪያ ያለው ባዶ ያንተ ቦታ ነው። ቆመህ ሙላው። ሁለተኛው የዓምሃ ነው። ማንም አይግባበት። ደብዳቤ መንገድ ላይ ነው። አትፍራ።
አባትህ


ሽሮ ሜዳ
ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለበድሉ፣ ድምፁ ለተሰማ!

ሰላምታዬ ዛሬ ረጅም ነው። እናትህ ሰርኬ ትስምሃለች። ደሳለች ትስምሃለች። ሻንካ «ሰላም በሉት» ብሏል፣ ከእሱ ይህ ብዙ ነው። ኑሪም፣ ዓለምፀሐይም፣ ከሥር የያዙት ሁሉም ሰላም ይሉሃል። ጓድ ኃይለ መለኮት እንኳ «የትብሊሲው ጓድ እንዴት ነው?» ይላል።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ደብዳቤዬ ሳይደርስህ ካሴቱን ብቻ ብትሰማው መደንገጥህ ያለ ነው። «ድምፅ ጠፍቷል፣ ድግሱ ደርሷል፣ ቶሎ ደግማችሁ ቅዱ» የሚለው ቴሌግራምህ ሲነበብልኝ ግን ቤቱ ዞረብኝ። ጉልበቴ ሳይሻለው ቴሌ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የቴሌው ጸሐፊ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ሲለቅም «አባባ፣ ባዶ ቦታ ቆመህ ሙላ ማለት ምንድን ነው? እንዲህ ያለ ነገር ይመረመራል» አለኝ። «አንተ ላከው፣ የሚገባው ሰው ይገባዋል» አልኩት። ጥርጣሬ ገብቶት ነበር፣ ግን ላከው።

ደብዳቤህና በድግሱ ላይ በሌላ ቴፕ የቀዳኸው ካሴት ባለፈው ሳምንት ደረሱ። ካሴቱን ብቻዬን አልሰማውም አልኩ። ኑሪ ቴፑን ከሱቁ ደጃፍ ወንበር ላይ አወጣው፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። የገበያ ቀን ነው። ጋቢ ሻጩ፣ ነጠላ ገዢው፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሁሉ ቆመ።

መጀመሪያ የማንኪያና የብርጭቆ ድምፅ መጣ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ከሩቅ አገር ተመልሶ! የራሴን ድምፅ በደጄ እንደ እንግዳ ሰማሁት። ሽማግሌ ድምፅ አይደለም፣ ሰዎች ይመስክሩ። ከዚያ ያንተ ቦታ ደረሰ። ሰርኬ ክንዴን ጨበጠችኝ፣ አሁንም ይሰማኛል።

ገባህ።

በድሉ፣ ገባህ! ከልጅነትህ ጠልቃለች ድምፅህ፣ ግን ያቺው ናት፣ ቦታዋን አልሳተችም። ሰርኬ እልል ስትል ገበያው አብሮ እልል አለ፣ ምን እንደሆነ የማያውቁት ሳይቀሩ። እኔ አላለቀስኩም።

(ጸሐፊዋ፦ እንዳሉኝ ጽፌዋለሁ።)

ከዚያ የዓምሃ ቦታ መጣ። በደብዳቤህ ያልከውን ሻንካ አልሰማም ነበር፣ ሆን ብዬ አላስነበብኩትም። አንድ የመንደሩ ጎረምሳ ባዶውን ሰምቶ ሊገባበት አፉን ሲከፍት ቫኖ እጁን አንሥቶ እንዳስቆመው፣ አንተ ስለ ዓምሃ የነገርከውን ለሁሉም እንደተናገረ፣ ገበታው ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ቆሞ እንደጠበቀ። ሻንካ ይህን ሁሉ ሳያውቅ በጆሮው ብቻ ሰማው። የወንበር መገፋት፣ የብዙ እግር መቆም፣ ከዚያ ዝም። ከዚያም ከዚያ ዝምታ ውስጥ የራሱ ድምፅ ብቻውን ሲነሣ።

«ተነሥተው ነው?» አለኝ።

«ተነሥተው ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም፣ ቫኖም ከነሕመሙ። ለዓምሃ ነው የቆሙት፣ በስሙ።»

ደሳለች ነጠላዋን አስተካክላ በገበያው መሐል ቀጥ ብላ ቆመች። ልጇን እንደሚያከብሩላት እናት ቆመች። የዓምሃ ወሬ ዛሬም የለም፣ አልዋሽህም። ነገር ግን በሁለት አገር ቦታው ተጠብቆለታል። ይህን ለማንኛችንም ማንም አድርጎልን አያውቅም።

ከዚያ ካሴቱ ተገለበጠ፣ የቫኖ ዘፈን መጣ። ለመቅዳት ለመጡት ሁሉ የከለከለውን ላንተ ሰጠህ። እንዴት ያለ ዘፈን ነው! እንዴት ያለ ሽማግሌ ነው! እንደ ታመመ አይዘፍንም። አሁን ተሽሎታል፣ ከአልጋ ተነሥቷል ማለትህ አስደስቶኛል። ያም ሆነ ይህ፣ ዘፈኑ ተርፏል፣ ሞት ቢመጣ እሱን ብቻ እንጂ ዘፈኑን አያገኝም። ጓደኛህ «ሸማኔዎቹ ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቅሃል አይደል? በለው፦ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽመና ቤታችን የሚሠራው በእነሱ ዘፈን ነው። ቃሉን አናውቀውም፣ ድምፁን ግን ወስደነዋል። ሻንካ በመጀመሪያው ቀን ላይኛውን ነጠቀ። እኔ መሐሉን ይዣለሁ። ስለ አካሄዱ በየቀኑ እንጣላለን፣ እሱ «ወደ ላይ ነው» ይላል፣ እኔ «ወደ ታች ነው» እላለሁ። ኑሪ ካሴቱን እየመለሰ ያስታርቀናል፣ ባትሪ ድንጋዩን ጨረሳችሁብኝ እያለ።

የመሪውን፣ የቫኖን ድምፅ ግን ማንም አልያዘውም። የሻንካ እህት ልጅ ሊሞክር ነበር፣ ያስቆመው ራሱ ሻንካ ነው፣ «ሰውዬው በሕይወት አለ!» ብሎ ጮኸበት። ስለዚህ እሱ ጋ ስንደርስ ዝም እንላለን። ያን ጊዜ በቤቱ የሚሰማው ክር የሚያመላልሰው መወርወሪያ ብቻ ነው።

ይህን ለቫኖ ንገረው። በሽሮ ሜዳ ቦታ አለው። ማንም አይቀመጥበትም።

አባትህ ጫቦ ዳልኬ፣
ሸማኔ